አንድ ስም፣ አንድ ቁጥር፣ አንድ ሠንጠረዥ፦ የኔትወርክ ቀጣናዎች በጸጥታ ሲፈርሱ

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 13 ቀን 2002 በአሜሪካዋ ቦስተን ከተማ የሚገኘው የቤት እስራኤል ዲኮነስ የሕክምና ማዕከል የኮምፒውተር ኔትወርክ መንቀርፈፍ ጀመረ። ቫይረስ አልገባበትም፤ ሰብሮ የገባም ሰው አልነበረም። አንድ ተመራማሪ ያስተላለፈው እጅግ ትልቅ የመረጃ ፋይል ቀድሞውንም የደከመውን ኔትወርክ ከሚችለው በላይ አስጨነቀው፤ ስዊቾቹም እርስ በርስ መግባባት ተሳናቸው። ቀጥሎ በነበሩት አራት ቀናት ገደማ ከአገሪቱ ስመ ጥር የማስተማሪያ ሆስፒታሎች አንዱ ወደ ወረቀትና ወደ እስክሪብቶ ተመለሰ። የመድኃኒት ትእዛዝ በእጅ ተጻፈ፤ የላቦራቶሪ ውጤት በሰው እጅ ከፎቅ ወደ ፎቅ ተመላለሰ። በኮምፒውተር ዘመን የሠለጠኑት ወጣት ሐኪሞች የወረቀት ማዘዣ አሞላል ከአንጋፋዎቹ መማር ነበረባቸው።

በጊዜው የማዕከሉ የመረጃ ቴክኖሎጂ ኃላፊ የነበሩት ዶክተር ጆን ሃላምካ ነገሩን ሳይሸፋፍኑ ለሕዝብ በመናገራቸው ዛሬም በሙያው ዘንድ ይመሰገናሉ። ምርመራው ያረፈበት ጥፋተኛ ግን ለአብዛኛው ሰው እንግዳ የሆነ ስም ነበረው፤ ስፓኒንግ ትሪ። ማዕከሉ እ.ኤ.አ. በ1996 ሁለት ሆስፒታሎች ተዋሕደው የመሠረቱት ነው። ኔትወርኩም እንደ አሮጌ ቤት ክፍል በክፍል ላይ እየተቀጠለ አድጎ፣ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ያለው የስዊቾች ሰንሰለት መስፈርቱ ከሚመክረው ከ7 አልፎ ነበር።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው «ስፓኒንግ ትሪ አደገኛ ነው» ለማለት ነው። ከዚያ የሚበልጥ ቁም ነገር ግን አለው። ለዚያ ዐይነት ችግር መላ ይዞ የመጣው መስፈርት፣ ማለትም ኔትወርክን በቀጣና እየከፈለ የሚያደራጀው የብዙ ዛፎች ስፓኒንግ ትሪ፣ በዚያው በ2002 ዓመት ጸደቀ። ከዚያ ወዲህ ከሃያ ዓመታት በላይ አልፈዋል። ሆኖም በየቢሮው፣ በየሆስፒታሉና በየትምህርት ቤቱ ያሉ ብዙ ስዊቾች ይህን መላ ተሸክመው ሳለ ቀጣናውን በወጉ ያበጀላቸው የለም። ጉድለቱ የመስፈርቱ ሳይሆን የአሠራር ነው።

ነገሩን ከሥሩ ማየት ይበጃል። የኤተርኔት ስዊች የማያውቀው አድራሻ ሲመጣበት መልእክቱን ከመጣበት ፖርት በቀር በሁሉም ፖርቶቹ ይለቀዋል። ሁለት ስዊቾች በሁለት ኬብል ከተገናኙ፣ መልእክቱ በአንዱ ወጥቶ በሌላው ይመለሳል፤ እንደገና ይለቀቃል፤ እንደገና ይመለሳል። በአይፒ ደረጃ የሚጓዝ መልእክት በየራውተሩ የሚቀነስ የዕድሜ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩ ሲያልቅ ይጣላል። የኤተርኔት መልእክት ግን ይህ ቁጥር የለውም። አዙሪት ውስጥ ከገባ ማንም አያወጣውም፤ እየተባዛ በሴኮንዶች ውስጥ መስመሩን ሁሉ ይሞላዋል። መጠባበቂያ ኬብል መዘርጋት ግን ግድ ነው፤ አንድ ኬብል ብቻ ያለው ሆስፒታል በአንድ የግንባታ ሠራተኛ ስሕተት ሊቆም ይችላልና።

ይህን ቅራኔ የፈታችው ራዲያ ፐርልማን ናት። እ.ኤ.አ. በ1985 በዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን ስትሠራ ስዊቾች እርስ በርስ አጫጭር መልእክት ተለዋውጠው አንድ ሥር እንዲመርጡ፣ ከዚያ ሥር ወደ እያንዳንዱ ስዊች አንድ መንገድ ብቻ ክፍት እንዲሆንና ሌላው እንዲዘጋ የሚያደርግ ስሌት ቀመረች። ክፍቱ መንገድ ቢበጠስ የተዘጋው ይከፈታል። ስሌቱን ለማብራራት ስለ ዛፍ አጭር ግጥም መጻፏም ይታወቃል፤ መሐንዲሶች ግጥም አይወዱም የሚለውን ሐሜት ለማፍረስ ይህ አንድ ምስክር ይበቃል። ስሌቱ እ.ኤ.አ. በ1990 802.1ዲ በሚል ቁጥር መስፈርት ሆነ።

ዛፉ ግን ሁለት ጉድለት ነበረበት። አንደኛው ርቀት ነው። ከሥሩ የሚወጣው መልእክት በየስዊቹ ዕድሜው እየጨመረ ይሄዳል፤ ሃያ ሴኮንድ ከሞላው ይጣላል። የተለመዱት የጊዜ ልኬቶች የተሰሉትም ከጫፍ እስከ ጫፍ ከሰባት ስዊች ለማይበልጥ ኔትወርክ ነው። የቦስተኑ ሆስፒታል የወደቀው እዚህ ላይ ነበር። ሁለተኛው ብክነት ነው። ኔትወርኩ በሙሉ አንድ ዛፍ ብቻ ካለው፣ ገንዘብ የወጣባቸው መጠባበቂያ ኬብሎች ዓመቱን ሙሉ ሥራ ፈትተው ይቀመጣሉ።

ብክነቱን ለማስቀረት ሲስኮ ለእያንዳንዱ ቪላን የየራሱን ዛፍ ሰጠ። ቪላን ማለት በአንድ ኬብልና በአንድ ስዊች ላይ ሳሉ ተለያይተው የሚኖሩ የውስጥ ኔትወርኮች ናቸው፤ የሂሳብ ክፍሉ በአንዱ፣ ስልኮች በሌላው፣ የደኅንነት ካሜራዎች በሦስተኛው። የግማሾቹ ዛፍ በግራው ኬብል፣ የተቀሩት ደግሞ በቀኙ እንዲሄድ ማድረግ ተቻለ። ነገር ግን አምስት መቶ ቪላን ያለው ድርጅት አምስት መቶ ዛፍ ይኖረዋል። እያንዳንዱ ዛፍ በየሁለት ሴኮንዱ መልእክት ይልካል፤ አንድ ኬብል ቢበጠስ ስሌቱ አምስት መቶ ጊዜ ይደገማል። ሁለት ኬብል ያለው ሕንፃ ደግሞ በእርግጥ የሚያስፈልገው ሁለት ዛፍ ነው።

802.1ኤስ የተባለው የ2002 መስፈርት የተነሣው ከዚህ ቀላል እውነት ነው። ዛፉ ለቪላን አይሰጥም፤ ቪላኖቹ ናቸው በጥቂት ዛፎች ላይ የሚመደቡት። ከ1 እስከ 4094 ያሉት የቪላን ቁጥሮች በአንድ ሠንጠረዥ ተዘርዝረው እያንዳንዱ ወደ አንድ ዛፍ ይላካል። ዜሮኛው ዛፍ ሁልጊዜ አለ፤ ምደባ ያልተሰጠው ቪላን ሁሉ እዚያ ያርፋል። ለሁሉም ዛፎች የሚጓዘው መልእክት ደግሞ አንድ ነው፤ የዜሮኛው ዛፍ መልእክት የሌሎቹን ዛፎች አጭር መዝገብ አዝሎ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ጥያቄ ይነሣል። ሁለት ስዊቾች ስለ «አንደኛው ዛፍ» ሲነጋገሩ የአንዱ አንደኛ ዛፍ የሌላው መሆኑን በምን ያውቃሉ? በግራው ስዊች ላይ የስልኮቹ ቪላን በአንደኛው ዛፍ፣ በቀኙ ላይ ደግሞ በሁለተኛው ዛፍ ቢመደብ፣ አንዱ ሲዘጋ ሌላው እየከፈተ አዙሪቱ ተመልሶ ይመጣል። መስፈርቱ ለዚህ የሰጠው መልስ ቀጣና ነው። በእንግሊዝኛው ሪጅን የሚባለውን ቃል በአማርኛ «ክልል» ማለት ይቻል ነበር፤ ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ግን ያ ቃል ሌላ ክርክር ይዞ ስለሚመጣ ቀጣና ይሻላል።

የአንድ ቀጣና አባል ለመሆን ሦስት ነገሮች አንድ መሆን አለባቸው፤ እስከ 32 ፊደል የሚደርስ ስም፣ ከዜሮ እስከ 65535 ያለ የእትም ቁጥር፣ እና የቪላኖቹ የምደባ ሠንጠረዥ። ሠንጠረዡ ረጅም ስለሆነ በየሁለት ሴኮንዱ አይላክም። በእርሱ ምትክ ስዊቹ ከሠንጠረዡ የ16 ባይት አሻራ አስልቶ ይልካል። ጎረቤቱ ስሙን፣ ቁጥሩንና አሻራውን ከራሱ ጋር ያነጻጽራል። ሦስቱም ከተስማሙ አንድ ቀጣና ናቸው። አንዲት ፊደል፣ አንዲት የቁጥር ልዩነት፣ በሠንጠረዡም ከ4094ቱ አንዱ ቪላን በተለየ ዛፍ ላይ መመደቡ ይበቃል፤ ሁለቱ ስዊቾች የተለያዩ ቀጣናዎች ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ኬብልም ወሰን ይሆናል።

ወሰኑን የሚያልፈው ዜሮኛው ዛፍ ብቻ ነው። የአንደኛውና የሁለተኛው ዛፍ ጉዳይ እዚያው ቀጣና ውስጥ ይቀራል። ከውጭ የሚመለከት ስዊች፣ ቀጣናው ሃምሳ ስዊቾች ቢኖሩትም፣ የሚያየው አንድ ትልቅ ስዊች ብቻ ነው። ቀጣናው ውስጥ የመልእክቱ ዕድሜ አይጨምርም፤ በእርሱ ፋንታ ብዙ ጊዜ ከ20 የሚነሣ ሌላ ቁጥር በየስዊቹ አንድ አንድ እየቀነሰ ይሄዳል። የቦስተኑን ኔትወርክ የጣለው የሰባት ስዊች ገደብ በዚህ መንገድ ይላላል፤ ረጅሙ ሰንሰለት ለውጭው ዓለም እንደ አንድ እርምጃ ይቆጠራልና። ይህ ማለት ግን አዲሱ መስፈርት ቀድሞ ቢደርስ ሆስፒታሉ ይድን ነበር ማለት አይደለም። በጥገና ላይ ጥገና እየተደረበ ያደገን ኔትወርክ ማንም መስፈርት በአስማት አያቃናውም።

ከመሐንዲሶች ዘንድ የሚደመጠው ቅሬታ የመስፈርቱ ጥብቅነት ነው። ስዊቾቹ ሠንጠረዡን ለምን እርስ በርስ አይማማሩም? ከፍ ያለ የእትም ቁጥር የያዘው ለምን ሌሎቹን አያስተካክልም? እውነትም የእትም ቁጥሩ ስሙ አሳሳች ነው። ቁጥር 5 ቁጥር 4ን አያሸንፍም፤ በራሱም አያድግም። እኩል መሆን ወይም አለመሆን እንጂ መብለጥ የሚባል ነገር የለውም። ብዙ ጀማሪ መሐንዲስ ቁጥሩን ከፍ አድርጎ «ሌሎቹ ይከተላሉ» ብሎ ይጠብቃል። ማንም አይከተለውም፤ ስዊቹ ከቀጣናው ወጥቶ ብቻውን ይቀራል።

ቅሬታው ግን ተቀባይነት ሊያገኝ አይገባም። ከፍ ያለ ቁጥር የያዘው ያሸንፋል የሚለው ሕግ በሌላ ቦታ ተሞክሮ ውጤቱ ታይቷል። ቪቲፒ በተባለው የሲስኮ ስልት የቀደሙ እትሞች፣ ከመጋዘን ወጥቶ ከኔትወርኩ ጋር የተገናኘ አሮጌ ስዊች፣ ስሙና የይለፍ ቃሉ ከገጠመና የእትም ቁጥሩ ከፍ ያለ ከሆነ፣ የድርጅቱን የቪላን መዝገብ በሙሉ በራሱ አሮጌ መዝገብ ይተካው ነበር። በመዝገቡ የሌለ ቪላን ላይ የነበረ ሠራተኛ ሁሉ በዚያች ቅጽበት ከመስመር ይወጣል። ይህ አደጋ በሙያው ውስጥ እንደ ተረት የሚተረክ ሆኗል። የቀጣና ሕግ በአንጻሩ ማንንም በማንም ላይ አይሾምም። ያልተስማማው ይገለላል እንጂ የተስማሙትን አያፈርስም። ከሁለቱ ስሕተቶች የትኛው እንደሚመረጥ ሆስፒታል የሚያስተዳድር ሰው ሊጠየቅ ይገባል።

ትክክለኛው ወቀሳ ሌላ ነው። ቀጣና ሲፈርስ ድምፅ የለውም። የሚከተለውን ሁኔታ ያስቧል። በአንድ ሕንፃ ውስጥ ሁለት ማዕከላዊ ስዊቾችና በየፎቁ አንድ አንድ ስዊች አሉ። እያንዳንዱ የፎቅ ስዊች ወደ ሁለቱም ማዕከሎች ኬብል አለው፤ ግማሹ ሥራ በግራው፣ ግማሹ በቀኙ ይሄዳል። አንድ ቀን ለአዲስ የካሜራ ሥራ ቪላን 60 ያስፈልጋል። መሐንዲሱ የሦስተኛው ፎቅ ስዊች ላይ ገብቶ ቪላን 60ን ወደ ሁለተኛው ዛፍ ይመድባል፤ ካሜራው ይሠራል፤ መሐንዲሱም ወደ ቤቱ ይሄዳል። በዚያች ደቂቃ የሦስተኛው ፎቅ አሻራ ተለውጧል። ስዊቹ አሁን የራሱ ቀጣና ነው። ሁለቱ ኬብሎቹ ወሰን ሆነዋል፤ በወሰን ላይ የሚወስነው ዜሮኛው ዛፍ ብቻ ስለሆነም ከሁለቱ አንዱ ለሁሉም ቪላን ይዘጋል። የፎቁ ሥራ በሙሉ በአንድ ኬብል ላይ ይወድቃል።

ምንም አልተቋረጠም፤ ኢሜይልም ይደርሳል፤ ካሜራውም ይታያል። የደወለ የለም፤ የቀላ መብራትም የለም። ችግሩ የሚታየው ከወራት በኋላ፣ ምናልባት ሥራ በበዛበት ሰኞ ማለዳ፣ «ሦስተኛ ፎቅ ለምን ይዘገያል?» የሚል ጥያቄ ሲመጣ ነው። በዚያን ጊዜ ቪላን 60ን ማን እንደመደበው የሚያስታውስ አይገኝም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነበር፤ ቅጠሉ ግን ጭሱን ቀድሞ ማየትን ይጠይቃል።

መፍትሔው አሳፋሪ በሆነ መጠን ቀላል ነው። አሻራው የሚሰላው በሥራ ላይ ካሉት ቪላኖች ሳይሆን ከሠንጠረዡ ነው፤ ሠንጠረዡ ውስጥ ደግሞ ገና ያልተፈጠሩትም ቁጥሮች አሉ። ስለዚህ 4094ቱንም በመጀመሪያው ቀን መመደብ ይቻላል። ለምሳሌ ከ1 እስከ 2000 ያሉት ለአንደኛው ዛፍ፣ የተቀሩት ለሁለተኛው። ከዚያ በኋላ ቪላን 60 ሲፈጠር ቦታው አስቀድሞ ተወስኗል፤ ሠንጠረዡ አይነካም፤ አሻራው አይለወጥም፤ ቀጣናውም አይፈርስም። በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚያልቅ ሥራ ነው። ሆኖም «ሲያስፈልግ እንመድባለን» የሚል ልማድ የበረታባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው፤ ይህ ልማድ ከኬብል አቧራ ይልቅ ኔትወርክን ይጎዳል።

ሌላም ወጥመድ አለ፤ ብልህነት የሚመስል ወጥመድ። ሁለት ኬብል ባለበት መሐንዲሱ ሥራውን በእጁ ለማከፋፈል ሲል በአንዱ ኬብል የስልኮቹ ቪላን ብቻ፣ በሌላው የሂሳብ ክፍሉ ቪላን ብቻ እንዲያልፍ ያዛል። ለየቪላኑ የየራሱ ዛፍ በነበረበት ዘመን ይህ ጉዳት አልነበረውም። ሁለቱ ቪላኖች በአንድ ዛፍ ላይ ሲሆኑ ግን ዛፉ ሁለት ኬብል አይቶ አንዱን ይዘጋል፤ የትኛው ቪላን በየት እንደተፈቀደ አይጠይቅም። የተዘጋው ኬብል የሂሳብ ክፍሉ ብቸኛ መንገድ ከነበረ፣ ክፍሉ ከነሙሉ ኬብሉ ይጨልማል። የሚያስቅ ቢመስልም ለሰዓታት ምክንያቱ ሳይገኝ የሚቀር ብልሽት ነው፤ በስዊቹ ላይ ሁሉም ነገር በመስፈርቱ መሠረት እየሄደ ነውና።

ስንት ቀጣና ያስፈልጋል የሚለው ጥያቄም ብዙ ጊዜ በተሳሳተ መንገድ ይመለሳል። ለየሕንፃው ቀጣና መስጠት ሥርዓት ያለው ሊመስል ይችላል። ነገር ግን እያንዳንዱ ወሰን ሥራን በሁለት ኬብል የማከፋፈል ዕድሉን ያሳጣል። በአንድ አስተዳደር ሥር ያለ ድርጅት አንድ ቀጣና ሊበቃው ይገባል። ሁለት ቀጣና የሚያስፈልገው በእውነት ሁለት እጆች ሲኖሩ ነው፤ ለምሳሌ ሁለት ሆስፒታሎች ተዋሕደው የሁለቱም መሐንዲሶች ገና ለየብቻ ሲሠሩ። ያኔ ወሰኑ ጥቅም አለው። የአንዱ ወገን መሐንዲስ ሠንጠረዡን ቢያበላሽ የሌላው ወገን ዛፎች አይናወጡም። ይህ ግን ጊዜያዊ መጠለያ ነው፤ አስተዳደሩ ሲዋሐድ ቀጣናውም መዋሐድ አለበት።

ይህ ሁሉ ያረጀ ነገር ነው የሚል ተቃውሞ መኖሩ አይካድም። ታላላቅ የዳታ ማዕከሎች ዛሬ በራውተር ስሌት ላይ ቆመዋል፤ ራሷ ፐርልማንም ትሪል የተባለውን ተተኪ ስልት በመንደፍ ከመጀመሪያ ፍጥረቷ አልፋ ሄዳለች። የቦስተኑ ሆስፒታልም ከአደጋው በኋላ ኔትወርኩን እንደ አዲስ አዋቅሯል። ራውተር ሊቀመጥበት በሚችል ቦታ ራውተር ማስቀመጥ ተገቢ ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ነገር ግን የክሊኒክ ቁም ሣጥን ውስጥ የተሰቀለው ስዊች፣ የትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ፣ የቴሌቪዥን ስቱዲዮው የኋላ ክፍል የዳታ ማዕከል ገንዘብ የላቸውም። እዚያ ያለው ዛፍ ለብዙ ዓመታት እዚያው ይኖራል። «አርጅቷል» ብሎ አለመማር አያጠፋውም፤ ያለ ጠባቂ ይተወዋል እንጂ።

ጉዳዩ ለአማርኛ ተናጋሪዎችም ሩቅ አይደለም። ከዓለም ትልቁ የዳታ ማዕከሎች ክምችት በሚገኝበት በሰሜን ቨርጂኒያ ዙሪያ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ የኔትወርክ ሥልጠና ወስደው ኑሯቸውን የለወጡም አሉ። ሥልጠናው በአብዛኛው ለፈተና የሚያዘጋጅ ነው። በፈተና ላይ ቀጣና የሚጠየቀው በአንድ መስመር ነው፤ «ከሚከተሉት ውስጥ አንድ መሆን ያለባቸው የትኞቹ ናቸው?» ስም፣ ቁጥር፣ ሠንጠረዥ ብሎ የመለሰ ያልፋል። አንዱ ሲዛነፍ ምን እንደሚሆን፣ እንዴት እንደሚታወቅ፣ ማን እንደሚጎዳ ግን አይጠየቅም። አሠልጣኞች ተማሪው በቤተ ሙከራ ሆን ብሎ ቀጣና እንዲያፈርስና ወሰን የሆነውን ፖርት ራሱ ፈልጎ እንዲያገኝ ቢያደርጉ ከአሥር የፈተና ጥያቄ ይልቅ ይጠቅመዋል። አሻራውን በትእዛዝ ማሳየት የሚችሉ ስዊቾች ብዙ ናቸው፤ በወር አንድ ቀን የሁሉንም አሻራ ሰብስቦ ጎን ለጎን ማስቀመጥ የአንድ ሰው የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው የተበላሸ ስዊች በሌሊት ሲተካ ነው። መስፈርቱ ምንም ያልተነገረው ስዊች የቀጣና ስሙ የራሱ የሃርድዌር አድራሻ እንዲሆን ያዛል፤ ስለዚህ ከካርቶን የወጣ ስዊች በተፈጥሮው ብቻውን የቆመ ቀጣና ነው። አንዳንድ አምራቾች ደግሞ ስሙን ባዶ ይተዉታል። በየትኛውም መንገድ ቢሆን ስሙ፣ ቁጥሩና ሠንጠረዡ በአንድ ገጽ ታትመው ቁም ሣጥኑ በር ላይ ከተለጠፉ፣ ተረኛው መሐንዲስ መጀመሪያ እነርሱን ይጽፋል፤ አሻራውን ከገጹ ጋር ያመሳክራል፤ ኬብሉን የሚሰካው ከዚያ በኋላ ነው።